ለጊዜው የተበጀ እጀታ

ስለ ቢላዋ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ስለቱን ነው። ገበያ ወጥቶ ቢላዋ የሚገዛ ሰው ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰስ ያደርጋል፤ ብረቱን በጥፍሩ መታ አድርጎ ድምፁን ያዳምጣል፤ እጀታውን ከቁም ነገር የሚቆጥረው ግን ጥቂቱ ነው። ይሁን እንጂ የክንድን ኀይል ወደ ስለቱ የሚያደርሰው፣ ስለቱንም ከባለቤቱ መዳፍ የሚያርቀው እጀታው ነው። የእጀታ ጥቅም በሚገባ የሚታወቀውም ከባለ እጅና ከገበያ ርቀን ሳለን የተሰበረ ዕለት ነው።

እኔ ይህን የተረዳሁት በመስከረም 1976 ዓ.ም. ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመደብሁበት ትምህርት ቤት በመንዝ ደጋ፣ ከጓሳ ሜዳ ባሻገር ይገኝ ነበር። ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ ስሙም ከሚያበቅለው ሣር ጋር አንድ የሆነ ሰፊ ምድር ነው። የዓመቱን መጻሕፍትና ጠመኔ በአንዲት በቅሎ ጭነን፣ እኔና በዕድሜ የገፉ አንድ ባለ በቅሎ ከማለዳ ጀምረን ስንጓዝ ዋልን። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዝናብ ሲመታው የዋለው አሮጌ መጫኛ ተበጠሰና ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ተንሸራተተ።

ሽማግሌው አልተደናገጡም። ጭነቱን አውርደው፣ ለዝናብ መከላከያ ከተደረበው ቁርበት ጠርዝ አዲስ ጠፍር ለመተልተል ቢላዋቸውን አወጡ። ገና ጫን እንዳሉት ግን እጀታው ከላይ እስከ ታች ለሁለት ተሰነጠቀ። በእጃቸው የቀረው ስለቱና በእጀታው ውስጥ ተሰክቶ የነበረው ቀጭን የብረት ጭራ ብቻ ሆነ። ጉሙ እየወረደ ነበር። ጭነቱን ትተን ብንሄድ መጻሕፍቱ በእርጥብ ሣር ላይ አድረው ይበሰብሳሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ያለ መጽሐፍ የሚቀሩትም የማላውቃቸው ተማሪዎቼ ናቸው። ጭነቱን ስንጠብቅ ብናድር ደግሞ የጓሳ ሌሊት ብርዱ ለሰውም ለበቅሎም አይመችም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው የብረቱን ጭራ በጨርቅ ጠቅልሎ ሥራውን ለመቀጠል ይቸኩላል። ሽማግሌው ግን፣ «መምህር፣ እጀታ የሌለው ካራ ወዳጅና ጠላት አይለይም» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። እርጥብ ጨርቅ በብረት ላይ ይዞራል፤ የሚጫነውም እጅ ወደ ስለቱ ይንሸራተታል። ጤና ጣቢያ የአንድ ቀን መንገድ በሚርቅበት ስፍራ የተቆረጠ ጅማት ቀላል ጉዳት አይደለም።

ስለዚህ በቅድሚያ እንጨት ፈለጉ። ወይራ በዚያ ከፍታ አይገኝም፤ የሚገኘው አስታ ነው። የአስታ እንጨት ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች የዚሁ ተክል የሥሩ ጉጥ የትምባሆ ፒፓ ይሠራበታል፤ ይህም እሳትን እንኳ የሚቋቋም መሆኑን ያስረዳል። ሽማግሌው ለምለሙን ቅርንጫፍ ትተው ቆሞ የደረቀውን መረጡ። ምክንያቱም እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። በውስጡ የተሰካው ብረት አብሮት ስለማይኮማተር እንጨቱ ይሰነጠቃል። የተሰበረውም እጀታ ሳይደርቅ ከተጠረበ ባሕር ዛፍ የተሠራ ነበር።

ከዚያም አንድ ጋትና ሁለት ጣት የሚሆነውን እንጨት ለይተው ስለቱን በጫፉ ላይ አጋደሙና የቢላዋውን ጀርባ በድንጋይ ቀስ እያሉ በመምታት ለሁለት ፈለጡት። በሁለቱ ፍላጮች ውስጠኛ ገጽ ላይ በራሱ በብረቱ ጭራ ጫፍ ቦይ ፈለፈሉ። ጭራውን በቦዩ ውስጥ አስተኝተው ፍላጮቹን እንደገና ገጠሙ። ማሰሪያ የሆነውም ያው የተበጠሰው መጫኛ ነው። ዝናብ ያራሰውን አንዱን ጠፍር ፈትተው፣ ከስለቱ በኩል ጀምረው፣ ዙሩን በዙሩ ላይ እያጠበቁ ጠመጠሙት። በስለቱ አጠገብ ጠፍሩን ደራርበው ጉብታ አበጁለት፤ ጣት ወደ ፊት እንዳይንሸራተት የሚያግደው ይህ ጉብታ ነው። በመጨረሻም ከኋላ በኩል ትንሽ ሽብልቅ ሰክተው መቱት። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ እየተኮማተረ ስለሚጠብቅ፣ እጀታው ውሎ ሲያድር ይበልጥ እንደሚጠነክር ነገሩኝ።

ሥራው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ወሰደ። ቁርበቱን ሲተለትሉ ግን እንደ ቀድሞው አልተጫኑትም፤ ቀስ እያሉ ወደ ራሳቸው ሳይሆን ወደ ጎን ይስቡ ነበር። «ይህ የመንገድ እጀታ ነው፤ የቤት አይደለም» አሉ። ጭነቱን አጥብቀን ሌሊት ደረስን፤ መጻሕፍቱም አልራሱም።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ጠፍሩ እንደ ቀንድ ደርቆ እጀታው ምንም ሳይነቃነቅ፣ በቀጣዩ የገበያ ቀን ቢላዋውን ወደ ባለ እጅ ወሰዱት። ባለ እጁ ስለቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጭራውን ብቻ በፍም አግሎ፣ አስቀድሞ በተበሳ ደረቅ የወይራ እንጨት ውስጥ አስገባው። የጋለው ብረት በልኩ እያቃጠለ የራሱን ቤት ሠራ። እርጥቡ ጨርቅ ግለቱ ወደ ስለቱ እንዳይዘልቅ ይከላከላል፤ ስለቱ ከጋለ ጥንካሬውን ያጣልና።

በአካባቢያችን ለአንድ ቀን ተብሎ በሽቦ የታሰረ በር ዓመታት ሲቆይ እናያለን። በድንጋይ የተደገፈ ወንበርም ድንጋዩ የተንሸራተተ ዕለት የተቀመጠበትን ይጥላል። ጥፋቱ ለጊዜው መጠገኑ አይደለም፤ ለጊዜው መጠገኑ መረሳቱ ነው። በችግር ጊዜ ብልሃት መፍጠር የሚቻለው የእንጨቱን፣ የጠፍሩንና የብረቱን ጠባይ አስቀድሞ ላወቀ ሰው ነው። ብልሃቱ ከአደጋ የሚጠብቀው ደግሞ እስከ ምን ድረስ እንደሚያገለግል ሲታወቅ ነው። እናንተም አንድ ነገር በቸገራችሁ ጊዜ በእጃችሁ ባለው ነገር አብጁ፤ ያበጃችሁት መልካም ሆኖ ቢቆያችሁም እንኳ ዋናውን ሥራ የምትሠሩበትን ቀን አትርሱ።