መጠይቁ ያልደረሰበት ዳርቻ

ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ለመስክ ትምህርት ወደ ጣና አካባቢ ለሚመጡ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪዎች የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፤ ሐይቁ ቢልሃርዚያ አለበትና እግራችሁን እንዳታስገቡ። ምክሩ ትክክል ነው። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ለሚመለስ ሰው ከዚህ የተሻለ መከላከያ አይገኝም። ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው በጎርጎራ ዙሪያ ለመመረቂያ ጥናቴ መረጃ ስሰበስብ ግን ይህንኑ ምክር ለከብት ጠባቂው ወይም ለዓሣ አስጋሪው እንዴት እንደምደግመው ግራ ገባኝ።

ጣና ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢጠጋም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። በደምቢያ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ በመሆኑ፣ ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጎድል ሐይቁ ብዙ መሬት ለቆ ይሄዳል። ገበሬው ይህን መሬት ባሕር ሸሽ ይለዋል። ውሃው በሸሸ ቁጥር ዘር ይከተለዋል፤ በሣሩ ላይ ደግሞ ከብት ይሰማራል። የአካባቢው ሕዝብ እርሻንና ከብት ርባታን አጣምሮ የሚኖር እንጂ አርብቶ አደር የሚባል አይደለም፤ በበጋው ወራት ግን እንደ አርብቶ አደር ውሃና ሣር እየተከተለ ይውላል። ደንገል የሚያጭደውም፣ ታንኳ የሚገፋውም፣ መረብ የሚዘረጋውም፣ ልብስ የምታጥበውም በዚያው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ይቆማሉ።

የቢልሃርዚያ አካሄድ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አዲስ አይደለም። ከሰው ዐይነ ምድር ጋር የወጣው እንቁላል ውሃ ውስጥ ይፈለፈላል፤ እጩ በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ ተራብቶ ይወጣና የሰውን ቆዳ በስቶ ይገባል። በሽታው የሚገባው በእግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመስክ የተለመደው መጠይቅ ግን ስለ ውሃ ሲጠይቅ፣ ከየት ትቀዳላችሁ፣ በምን ታስቀምጣላችሁ፣ ታክሙታላችሁ ወይ ብሎ ያበቃል። አንዲት እናት ከእጅ ፓምፕ እንደሚቀዱ ነግረውኝ «የተጠበቀ ምንጭ» በሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግሁ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ እኚያኑ እናት ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመው ልብስ ሲያጥቡ አገኘኋቸው። ሁለቱም መረጃዎች እውነት ናቸው፤ ሣጥን ያለው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ ነገሩን አባብሶታል። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል ተንሰራፍቶ በደምቢያ ዳርቻ ተስፋፋ። ለቀንድ አውጣው ጥላና መጠለያ እንደሚሆንም ከቪክቶሪያ ሐይቅ የተገኘው ልምድ ያሳያል። ማሽን ቢመጣም ብዙው ሥራ የወደቀው በሰው ጉልበት ላይ ነው፤ ሰው እስከ ወገቡ ገብቶ አረሙን እየነቀለ ወደ ዳር ይጎትታል። የዘመቻው ውጤት ሲነገር የሰማሁት በሄክታር ነው። ውሃ ውስጥ የተቆመው ሰዓት በአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ዘንድ የጤና ጉዳይ ነው፤ በጤና ባለሙያ ዘንድ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ጉዳይ ነው።

ይህ መከፋፈል ግን ከጥንት የነበረ አይደለም። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ፣ በቆላ ድባ በኩል የተነሣው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የተከፈተው የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ገጠር ያሰማራ ነበር። ዛሬ በውጭ አገር «አንድ ጤና» በሚል ስያሜ ስለሚሰጠው ትምህርት ሳነብ እነዚያ ሦስት ሙያተኞች ወደ ሐሳቤ ይመጣሉ። (የእንስሳት ሐኪም አልታከለባቸውም እንጂ፣ ለጎርጎራ እርሱም ባስፈለገ ነበር፤ የከብቱ የጉበት ትልም በዚያው ረግረግ በሌላ ዓይነት ቀንድ አውጣ ይተላለፋልና።)

መድኃኒቱ አለ። ፕራዚኳንቴል ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ መርሐ ግብር፣ በተለይ ከ5 እስከ 14 ዓመት ለሆኑ ልጆች፣ በትምህርት ቤቶች በኩል ሲታደል ቆይቷል። የጎለመሰውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግመኛ መያዝን አይከለክልም። ከብት ሲጠብቅ የሚውለው ልጅ በዕደላው ቀን ትምህርት ቤት ላይገኝ ይችላል፤ አረም የሚነቅለው አባቱ ደግሞ የዕድሜውን ገደብ አልፏል። በእኔ አስተያየት ለቢልሃርዚያ ይበልጥ የሚጋለጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ስለዚህ በመጠይቁ ላይ አንድ ገጽ ጨመርሁ፤ ከንጋት እስከ ምሽት ማን፣ ለየትኛው ሥራ፣ ምን ያህል ጊዜ ውሃ ውስጥ እንደሚቆም የሚጠይቅ ነው። መላሾቹ የሚቆጥሩት በሰዓት ሳይሆን በሥራ ነው፤ ከብቱ ጠጥቶ እስኪረካ፣ መረቡ እስኪነሣ። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው እጭ የሚበረክተው በቀኑ ሙቀት፣ በእኩለ ቀን አካባቢ ነው። ከብቱ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ያየሁትም በቀትር ነው። ይህን ለአንድ አዛውንት አስረድቼ፣ ማለዳ ቢጠጣስ አልኋቸው። «ልጄ፣ ማለዳ ከብት አይጠማውም። ጧት ባወርደው ቀትር ላይ ተመልሶ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ እኔም ሁለት ጊዜ ልገባ ነው» አሉኝ። ከዳርቻው ራቅ ብሎ በእጅ ፓምፕ ስለሚሞላ የከብት ገንዳ አነሣሁባቸው። ለሠላሳ ከብት ፓምፑን ማን ሲገፋ እንደሚውል መልሰው ጠየቁኝ፤ ይህን ስሌት አሁን ከአንድ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ጋር እየሠራን ነው።