ቃል የገባ ክላስ

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ አባቶቻችን። ፒኤችፒ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ቋንቋም በዚሁ ሕግ የሚኖር መስሎ ይታየኛል። ቋንቋውን ራስሙስ ሌርዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ አቀረበው፤ ኢንተርፌስ የሚባለው ግን እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው 5ኛ እትም ገባ።

ክላስ የአንድ ነገር ንድፍ ነው፤ ኢንተርፌስ ደግሞ ውል ነው። ለምሳሌ የመጻሕፍት ውሰት መዝገብ ብንሠራ፣ ኢንተርፌሱ የሚዋሱት ነገር ሁሉ «አውስ» እና «መልስ» የተባሉ ሁለት ተግባሮች ይኑሩት ብሎ ያዝዛል። «መጽሐፍ» የተባለው ክላስ ውሉን ተቀብሎ «አውስ»ን ብቻ ቢጽፍ፣ ኮምፒዩተሩ አንድ ያልተፈጸመ ተግባር አለብህ ብሎ ሥራውን ያቆማል። መድኃኒቱም የውሉንና የክላሱን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጎ ማመሳከር ነው።

ሁለተኛው ችግር «ክላሱ አልተገኘም» የሚለው ነው። ይህ ሲመጣ አስቀድሞ ክላሱ ያለበት ፋይል መጠራቱን ማየት ይገባል። በዊንዶውስ የሠራው በሊኑክስ ቢሰናከል ደግሞ የፋይሉን ስም እንመርምር፤ ሊኑክስ የላቲንን ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያልና።

ለእኛ ግን ከዚህ የረቀቀ ወጥመድ አለ። ፒኤችፒ በፊደላችን የተጻፈ የክላስ ስም ይቀበላል። አንድ ጓደኛዬ በአንዱ ፋይል «መጽሐፍ»፣ በሌላው «መጽሃፍ» ብሎ ጽፎ ኖሮ፣ ክላሱ ጠፋብኝ እያለ ሲጨነቅ አመሸ። ጮክ ብለን ብናነበው ልክ ነው፤ ጆሯችን ሁለቱን አይለይም። ኮምፒዩተሩ ግን ጆሮ የለውም፤ ፊደል ብቻ ያያል። በመጨረሻ ፊደል በፊደል ስናነጻጽር ተገኘ።

እኔን ያሳዘነኝ ግን ስሕተቱ አይደለም፤ ጓደኛዬ የእንግሊዝኛውን መልእክት አይቶ «ይህ ትምህርት ለእኛ አልተፈጠረም» ማለቱ ነው። በድባጤ ጉሙዝኛ፣ ሽናሽኛ፣ ኦሮምኛ፣ አገውኛና አማርኛ የምንናገር በአንድ ወንበር ተቀምጠን እንማራለን። ያልገባንን ቃል ከጎናችን ያለውን እየጠየቅን ያደግን ልጆች አንድ የባዕድ ዓረፍተ ነገር ሊያስደነግጠን አይገባም።

መልእክቱ ስድብ አይደለም። የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር የሚነግር መንገድ አመልካች ነው። እርግጥ ቁጥሩ የሚያሳየው ችግሩ የታየበትን ስፍራ ነው፤ ምንጩ ግን አንዳንድ ጊዜ በሌላ ፋይል ይገኛል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በአገራችን ተጀምሯል። እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ቀይ ጽሑፍ ሲወጣ መስኮቱን ከመዝጋታችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ የጎደለውን ቃል የሚነግራችሁ እርሱ ነው።