ቆጥረህስ?



የጀማዓው ዝግጅት ክፍል «ስለ ውጭ ሀገር ቆይታህ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲለኝ ስለ ስኮላርሺፕ ወይም ስለ ጁሙዓ ሶላትና ስለ ክፍል ሰዓት ግጭት እንድጽፍ ተጠብቆ ይሆናል። በእነዚህ ላይ ከእኔ የተሻሉ ብዙ ጽፈዋል። እኔ ቅዳሜዎቼን የማሳልፈው በረዶ ላይ፣ ከአደን ውሾች ጋር፣ የዱር ወፍ ስቆጥር ስለሆነ የምጽፈው ስለዚያ ነው። «ከውሻ ጋር?» የምትሉትን ከወዲሁ ሰምቼዋለሁ፤ እደርስበታለሁ።

የምማረው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ነው። በሰስኮሃና ወንዝ አካባቢ የበቆሎና የአኩሪ አተር ማሳ የሞላበት ገጠር አለ። የምንቆጥረው ወፍ ፌዘንት ይባላል። የቆቅ ዘመድ ነው፤ ቁመናው የሀበሻ ዶሮ ያህላል። ወንዱ ጅራቱ ረጅም፣ ፊቱ ቀይ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት ያለው፣ ደረቱ እንደ መዳብ የሚያብረቀርቅ ነው። ሴቷ ግን ደረቅ ሣር መስላ ትጠፋለች፤ እግርህ ሥር ሆና ላታያት ትችላለህ። ሱብሓነላህ፣ እንቁላል ላይ የምትቀመጠው እሷ ስለሆነች መደበቂያው ለእሷ ተሰጣት።

ወፉ ራሱ መጤ ነው። ትውልዱ እስያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ሻንጋይ የነበሩት የአሜሪካ ቆንስል ኦወን ዴኒ ወደ ኦሪገን ልከውት ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ ተዛመተ። በፔንሲልቬንያም በጣም በዝቶ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአንድ ዓመት ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ታድኗል። ከዚያ ግን ማሳዎቹ ሰፉ፤ በማሳ መካከል የነበረው ቁጥቋጦ ተመነጠረ፤ አልፋልፋው ሴቷ ገና እንቁላል ላይ ሳለች በማሽን መታጨድ ጀመረ፤ ብዙው መሬት ደግሞ የመኖሪያ ሰፈር ሆነ። ወፉ ከሞላ ጎደል ጠፋ ማለት ይቻላል። ዛሬ የግዛቱ የዱር እንስሳት ኮሚሽን በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ፌዘንት አርብቶ ለአዳኞች ይለቃል፤ ነገር ግን በሰው እጅ ያደገ ወፍ ቀበሮና ጭልፊት አያውቅም፣ አብዛኛው ዓመት አይሞላውም። ስለዚህ ኮሚሽኑ ፌዘንትስ ፎርኤቨር ከሚባለው ማኅበር ጋር ሆኖ ከ2007 ጀምሮ ሌላ ነገር ሞከረ። ከሞንታናና ከሳውዝ ዳኮታ የዱር ወፎችን አጥምዶ በማምጣት በተመረጡ አካባቢዎች ለቀቀ፤ አካባቢዎቹንም ለማገገሚያ ከለላቸው። ግቡ በአንድ ካሬ ማይል 10 ሴት ወፎች ማድረስ ነበር። ሴቶቹ ላይ የሚተኮረው አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ስለሚበቃ ነው። ወፉ ሳይበረክት ቀርቶ የተዘጉ አካባቢዎችም አሉ።

ቆጠራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሣር ውስጥ የተሸሸገ ወፍ በዓይን አይቆጠርም። በበረዶው ወራት ግን ወፎቹ ነፋስ ወደማይገባበት ጥቅጥቅ ያለ ሣርና ፊላ ይሰበሰባሉ። በጎ ፈቃደኞች ውሾቻቸውን ይዘው፣ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው፣ ጠመንጃ ሳይይዙ ይሄዳሉ። ውሻው ፊቱን ወደ ነፋሱ አድርጎ ከፊት ከፊት ይሮጣል። ሽታ ሲያገኝ ድንገት ድርቅ ብሎ ይቆማል፤ አንድ የፊት እግሩ ከመሬት ተነስቶ፣ ጅራቱ ቀጥ ብሎ፣ እስትንፋሱ ብቻ እየጨሰ። ያኔ ሰውየው አልፎት ይራመዳል፤ ወፉም ብር ብሎ ይነሳል። ወንድ ነው? ሴት ናት? ስንት ናቸው? ይጻፋል። ስንት ሰዓት እንደተሄደና ስንት ውሻ እንደነበረም ይጻፋል። ወፉ ይሄዳል፣ እኛም እንሄዳለን።

አሁን ወደ ውሻው። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት በሻፊዒይ መዝሀብ ነው። ቤታችን ውሻ ነበረን፤ ግን ቦታው ከአጥር ሥር ነው፤ በረንዳ ላይ ከወጣ በድንጋይ ይባረር ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጋብዙኝ ሳልሄድ እዚህ ያለውን ኡስታዛችንን ጠየቅኩ። ኡስታዙ አልተደናገጠም። በቁርኣን ሱረቱል ማኢዳ 4ኛው አንቀጽ የሰለጠኑ የአደን እንስሳት የያዙትን መብላት እንደሚፈቅድ፣ ለአደን፣ ለከብት ጥበቃና ለእርሻ ውሻ መያዝም በሐዲስ ከክልከላው የወጣ መሆኑን አስታወሰኝ። ንጽሕናውን በተመለከተ መዝሀቦቹ እንደሚለያዩ ነገረኝ። በማሊኪዮች ዘንድ ውሻው ንጹሕ ነው፤ በሐነፊዮች ዘንድ ነጃሳው ምራቁ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን መላ ሰውነቱ ነው፣ እርጥበቱ የነካውም ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ይታጠባል። ደረቅ ከደረቅ ቢነካካ ግን ነጃሳ አይተላለፍም። «መዝሀብህን ያዝ፤ ከሥራው ግን አትቅር» አለኝ።

መናገሩ ቀላል ነው፤ በረዶ ላይ ግን ደረቅ ውሻ የለም። ስለዚህ ሥርዓት አበጀሁ። ከላይ ውሃ የማያስገባ ሱሪ አጠልቃለሁ፤ ለሶላት ሰዓት አወልቀውና በፌስታል አስሬ መኪናው ኋላ እጥለዋለሁ፤ ቡትስ እቀይራለሁ። ውሻ አልደባብስም። በበረዶው ወራት ቀኑ አጭር ስለሆነ ዙህርና ዐስር ተጠጋግተው ነው የሚመጡት፤ ሁለቱንም እርሻው ዳር እሰግዳለሁ።

አብሬያቸው የምሄደው ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ አዳኝ፣ ሩቢ የምትባል ነጭና ቡናማ ውሻ አለቻቸው። በሁለተኛው ቅዳሜ «ትፈራታለህ እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ፤ ወደ እኔ ስትመጣ ስሸሽ አይተው ኖሯል። አስረዳኋቸው። «ማለት እርጥብ አፍንጫዋ ነው ችግሩ?» አሉ። አዎ አልኩ። ከዚያ ወዲህ እኔ ስሰግድ ማሰሪያዋን ይዘው ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ የሚያናግራቸው ሰው ቢመጣ እንኳን በጣታቸው ዝም ያሰኙታል። አንዳንድ ወንድሞች ዲናችንን ለሌላ ለማስረዳት ትልቅ መድረክና ማይክሮፎን ያስፈልጋል ብለው ያስባሉ። ይህን ሳይ አይመስለኝም።

እማዬ ግን ከኡስታዙ ይልቅ ከባድ ነበረች። ስልክ ላይ «በዚያ ብርድ ከውሻ ጋር ምን ትሠራለህ?» አለችኝ። «ቆቅ እቆጥራለሁ» አልኳት፤ ፌዘንት ብላት ምን ልታውቀው። «ያዛችሁት?» «አንይዘውም።» «አትበሉትም?» «አንበላውም እማዬ፤ ቆጥረን እንለቀዋለን፤ ማለቴ፣ ከመጀመሪያውም አንይዘውም።» ትንሽ ዝም አለችና «ቆጥረህስ?» አለችኝ።

ይህች ጥያቄ በአንድ የየካቲት ቅዳሜ እስካገኛት ድረስ በሚገባ መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን አዲስ በረዶ ጥሎ ነበር። የተሰጠን ማሳ ትልቅ የፊላ ረግረግ ያለበት ነው። በበረዶው ላይ የወፍ ዱካ ሞልቷል፤ ልክ እንደ ዶሮ ባለ ሦስት ጣት። ሩቢ ሦስት ጊዜ ድርቅ ብላ ቆመች። ሦስቱንም ጊዜ ሽማግሌው አልፈዋት ሲገቡ አንድም ወፍ አልተነሳም። ፌዘንት መብረር አይወድም፤ ከቻለ ሮጦ ያመልጣል፤ ዱካውም ፊላውን አቋርጦ በወዲያ በኩል ሲወጣ ይታያል። አራት ሰዓት ሄድን። እግሬ አይሰማኝም።

ቅጹን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አብሮን የነበረ ወጣት «ቢያንስ ሁለት ናቸው፤ ዱካው እኮ ይኸው። ሁለት ብለህ ጻፍ» አለ። ክፋት አልነበረውም። በበኩሌም መኖራቸውን አልተጠራጠርኩም። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። እሳቸው ወፎቹ ከሞንታና ሲመጡ ጀምሮ ያሉ ናቸው፤ ይህ ማሳ እንዲሞላ ከእሳቸው በላይ የሚመኝ የለም።

«አይተሃል?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«ሩቢ አይታለች፤ እሷ ግን አትፈርምም። ዜሮ ነው።»

ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። እስከ መኪናው ድረስ ማንም አልተናገረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። እነዚህ ሰዎች አዳኞች ናቸው። ቁጥሩ ከፍ ካለ አንድ ቀን አደን ሊፈቀድላቸው ይችላል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ አካባቢው ሊዘጋና የደከሙበት ሁሉ ሊቀር ይችላል። ከሁለቱም ወገን ቢታይ ቁጥሩን ማሳደግ ይጠቅማቸዋል። ከዘንድሮው ማሳ ላይ ሁለት ወፍ በደግነት ቢጨመር ግን፣ በሚቀጥለው ዓመት በእውነት የታየ አንድ ወፍ መቀነስ ይመስላል፤ የሚያነበው ባለሙያም የትኛው ማሳ ሣር እንደሚያስፈልገው ማወቅ አይችልም። የምስክርነትን ነገር በፊቅህ ደርስ ላይ ስንማር ምስክሩ ያየውን ብቻ እንዲናገር ለምን ያን ያህል እንደሚጠበቅበት ገብቶኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ረግረጉ ዳር ግን በሌላ መልኩ ገባኝ። ለእማዬም እንዲህ ብዬ ነገርኳት፦ ገበሬው ሣሩን ሳያጭድ እንዲያቆይ ገንዘብ የሚከፈለው፣ ሣሩ ለወፍ ይጠቅማል ሲባል ነው፤ ይጠቅም እንደሆነ የሚያሳየው ደግሞ ቆጠራው ነው። «እንግዲያው በደንብ ቁጠር» አለችኝ። ስለ ውሻው ግን ዛሬም ዱዓ ታደርጋለች።

በጸደይ ሌላ ቆጠራ አለ፤ ያለ ውሻ። ጎህ ሲቀድ መንገድ ዳር ቆመህ ወንዶቹ ሲጮኹ ለተወሰነ ደቂቃ ታዳምጣለህ፣ ትጽፋለህ፣ ወደሚቀጥለው ቦታ ትነዳለህ። ሰው እንቅልፉን ሰብሮ መምጣት ስለሚከብደው ሁሌም ፈቃደኛ ያጥራል። እኔ ለፈጅር ተነስቻለሁ፤ የምሄድበት ብቻ ነው የቀረኝ።

በእኛም ሀገር የሚቆጠር አለ። በጀማ ሸለቆና በአካባቢው፣ የትም ሌላ ሀገር የማይገኝ የቆቅ ዝርያ አለ፤ ፈረንጆቹ የሃርዉድ ቆቅ ይሉታል። የሚወደውም ያንኑ በውሃ ዳር የሚበቅለውን ፊላ ነው፤ ፊላው በታጨደ ቁጥር መጠለያው ይቀንሳል። በእርሻና በባዮሎጂ ዲፓርትመንት ያላችሁ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትፈልጉ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በሀይቆቻችን ላይ የውሃ ወፎችን ያስቆጥራል፤ ጊዜው ጥር አካባቢ ነው። አቅርቦ ማያ መነጽር ከዲፓርትመንታችሁ ተዋሱ። ውሻ አያስፈልግም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።