ከመጋዘኑ ወለል በታች



ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ ባለፈው መንፈቅ ለኢንተርንሺፕ ስለወጣንበት ሥራ እንድንጽፍ ስለጠየቃችሁን እነሆ ጽፈናል። አራታችንም የሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ነን። የተመደብነው ዱከም አካባቢ በሚሠራ አንድ መጋዘን ላይ ነበር። ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ የደረሳቸው ጓደኞቻችን «ለእናንተ ቆርቆሮ ቤት ደረሳችሁ» እያሉ ብዙ ቀልደውብናል።

መጋዘን እውነትም ከላይ ሲታይ ቀላል ነው። የእኛው 24 ሜትር በ60 ሜትር ሲሆን በየ6 ሜትሩ የብረት ፍሬም ይቆማል፤ ጣሪያውም ግድግዳውም ኢጋ ቆርቆሮ ነው። ከባዱ ነገር ያለው ወለሉ ላይ ነው። ለመኖሪያ ቤት ወለል የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኩንታል እህል የያዘ ጆንያ ሲተኛ ከግማሽ ካሬ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ቦታ ይይዛል። በላዩ ላይ 20 ጆንያ ሲደረደር በዚያች ቦታ ላይ 2 ቶን ተቀመጠ ማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው አርማታው ብቻ አይደለም፤ አርማታው የተኛበት አፈር ነው።

የዱከምን አፈር የሚያውቅ ያውቀዋል። መረሬ ነው፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የተሠራበትንም ነገር አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። ስለዚህ 1 ሜትር ያህሉ ተቆፍሮ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል። ከዚያም የመጋዘኑ ወለል ከጭነት መኪና አልጋ ጋር እኩል እንዲሆን ከግቢው 1.20 ሜትር ከፍ ማለት ስላለበት ሙሌቱ ይቀጥላል። የወለሉ አርማታ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ከሥሩ የሚገባው ሙሌት 2 ሜትር ይሆናል፤ በ20 በ20 ሳንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየጠጣና በሮለር እየተጠቀጠቀ፣ 10 ንጣፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ሳይፈተሽ ቀጣዩ አይነጠፍም።

ፍተሻው ቀላል ነው፤ ክፍል ውስጥ ተምረነዋል፣ እጃችን ግን የለመደው እዚያ ነው። ከተጠቀጠቀው ንጣፍ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና የወጣው አፈር ይመዘናል፤ እርጥበቱም ይለካል። ጉድጓዱ ክብደቱ በሚታወቅ ደረቅ አሸዋ ይሞላና መጠኑ ይታወቃል። የደረቀው አፈር እፍጋት ላቦራቶሪ ውስጥ ከተገኘው ከፍተኛ እፍጋት 95 በመቶ ካልደረሰ ንጣፉ ወድቋል።

ሰኔ መግቢያ ላይ ዝናቡ ጀመረ፤ አረፋም ደርሶ ነበር። የሙሌቱን ሥራ የያዘው ንኡስ ተቋራጭ ከ10ሩ ቤይ በ3ቱ ላይ 9ኛውንና 10ኛውን ንጣፍ ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በሌለበት ቅዳሜ አከታትሎ ነጠፈና ዕለታዊ ሪፖርቱን ይዞልን መጣ። ሪፖርቱን በየቀኑ የምንሞላው እኛ ነበርን። «ፈርሙልኝ እንጂ ልጆች፣ እናንተ ተለማማጅ ናችሁ፣ ማን ይጠይቃችኋል? ሰኞ ክፍያ መጠየቅ አለብኝ፤ ሠራተኛው በዓል ደርሶበታል» አለን።

አራታችን ተያየን። ያላየነውን አየን ብለን መጻፍ ከባድ ነው፤ ሠራተኛው በዓል ደርሶበታል የሚለውም ውሸት አልነበረም። ከቀን ሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከወሎ የመጡ ነበሩ፤ የጁሙዓ ሶላት አብረናቸው ነው የምንሄደው። አርማታ የሚሞላበት ቀን ጁሙዓ ላይ ከዋለ ሥራው መሀል ላይ ስለማይቆም ፎርማኑ በሁለት ፈረቃ ይከፍለን ነበር። (ፎርማኑ ክርስቲያን ነው፤ ሰዓቱን ግን ከእኛ በላይ ያስታውሳል።)

ሪፖርቱ ላይ «ተነጥፏል፣ አልተፈተሸም» ብለን ጽፈን ፈረምን። ሰኞ መሐንዲሱ አነበበው፣ ጉድጓድ አስቆፈረ። በሦስት ቦታ ተፈተሸ፤ ሁለቱ ቦታ ላይ 88 በመቶ ወጣ። ምክንያቱ ዝናቡ ነበር። አፈር ልክ ያለው ውሃ ሲያገኝ በደንብ ይታመቃል፤ ውሃው ሲበዛ ግን ሮለሩ የቱንም ያህል ቢመላለስ ከሥሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይታመቅም። ሁለቱም ንጣፍ ይነሣ ተባለ። የክፍያ ጥያቄውም ያልተፈተሸው ሥራ ስለተካተተበት እንዳለ ተመለሰ።

ማክሰኞ ሠራተኞቹ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። የሦስት ሳምንት ደመወዝ አለባቸው። ባሬላ ተሸክመው የሚውሉ አንድ አባት ወደ እኛ መጡና «ልጆቼ፣ እናንተ ወረቀት ላይ የጻፋችሁት ነገር እኔ ቤት ደርሷል። በባዶ እጄ ምን ይዤ ልግባ?» አሉን። ምን እንበላቸው? «አባባ፣ ጥፋቱ የእኛ አይደለም» ማለት እንችል ነበር፤ እውነትም ነው። ለእሳቸው ግን ምን ይጠቅማቸዋል?

መሐንዲሱን ሄደን ጠየቅነው። የወደቀው ሥራ ከጥያቄው ይውጣ፤ ቀሪው ለምን አብሮ ይታሰራል? «ልኬቱን ንጹሕ አድርጋችሁ አምጡልኝ፣ እፈርማለሁ» አለን። ያን ሌሊት ካምፕ ውስጥ ቴክኦፉን እንደ አዲስ ሠራን። አንዱ ቤይ 144 ካሬ ሜትር ነው፤ 3 ቤይ በ40 ሳንቲ ሜትር ሲሰላ 172.8 ሜትር ኩብ ይወጣል። እሱ ተቀንሶ ቀሪው በፍተሻ ውጤቱ ተደግፎ ጠዋት ቀረበ። መሐንዲሱ በዚያው ቀን ፈረመ። ዋናው ተቋራጭ የባለቤቱን ክፍያ ሳይጠብቅ ለንኡስ ተቋራጩ ከራሱ ላይ አስቀደመለት። ይህን የማድረግ ግዴታ አልነበረበትም፤ አላህ ኸይሩን ይክፈለው።

የተገኘው ገንዘብ የሁለት ሳምንቱን ደመወዝ ብቻ ሸፈነ። ንኡስ ተቋራጩ ሦስተኛው ከበዓሉ በኋላ ይከፈላል አለ። አንዳንዶቹ አጉረመረሙ፣ አንዳንዶቹ ተቀብለው በዚያው ምሽት ወደ አገራቸው ተሳፈሩ። እኚያ አባት ሲሰናበቱን ዱዓ አደረጉልን፤ ቅር እንዳላቸው ግን ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ከበዓል መልስ እርጥቡ ገረጋንቲ በሎደር ወጣ፤ ፀሐይ ባገኘን ቁጥር እየተበተነ ደረቀና ዳግም ገባ፤ ሁለቱም ንጣፍ አለፈ። የሦስተኛው ሳምንት ደመወዝም ተከፈለ። ነገር ግን አገራቸው የሄዱት ሁሉ አልተመለሱም፤ ክረምቱ ገብቶ እርሻ ላይ ነበሩ። ሰዓት ተቆጣጣሪው ያልመጡትን ሰዎች ገንዘብ በየስማቸው በፖስታ አሽጎ መሳቢያው ውስጥ አኖረው። እኛ ጊዜያችንን ጨርሰን ስንወጣ ሁለት ፖስታ ገና ባለቤቶቹን ይጠብቅ ነበር፤ አንደኛው የእኚያ አባት ነው።