አመዳይ ያደረበት ጠዋት

ጥር ወር ነበር። ዲንሾ በደረስኩ ማግስት አጎቴ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሱኝ። «ተነስ፤ ፀሐይ ሳትቀድመን ቦታ እንያዝ» አሉ። እሳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት፣ እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ እየተንቀጠቀጥኩ ከኋላ፣ ወደ ጋይሳይ ሜዳ አዘገምን።

ሣሩ በአመዳይ ነጥቷል። ዲንሾ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በበጋ፣ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት፣ የምድሩን ሙቀት የሚያግድ ደመና ስለሌለ ገላጣው ሜዳ ውርጭ ይመታዋል።

«ታዲያ አጋዘኖቹ የታሉ?» አልኩ። በአገጫቸው ወደ ጫካው ጠቆሙኝ።

የደጋ አጋዘን፣ ያ በአሥር ሳንቲማችን ላይ የምናውቀው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም። አጋዘን እንበለው እንጂ ዘሩ ከድኩላ ወገን ነው፤ እንደ ፈረንጅ አገር አጋዘን ቀንዱን በየዓመቱ አይጥልም። ብርድ ለምዷል፤ ቢሆንም በብርዳማ ሌሊት ገላጣ ሜዳ ላይ ከማደር ኮሶውና ጥዱ ሥር መጠለል ይመርጣል። ቅጠሉ ጣሪያ ይሆነዋል።

ፀሐይ የጫካውን ጠርዝ ስትነካ እንስቶቹ ግልገሎቻቸውን አስከትለው ብቅ አሉ። ጎናቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ቆሙ። አይሮጡም፣ አይግጡም፤ ዝም ብለው ይሞቃሉ።

«እዚያ ድንጋይ ሥር ነበር የምንጠብቃቸው» አሉ አጎቴ።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በውስጡ ማደን ክልክል ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ጥበቃው ላልቶ ብዙ አጋዘን መገደሉን አንብቤ ነበር። ከገዳዮቹ አንዱ አጎቴ መሆናቸውን ግን አላውቅም ነበር። ልጅ ሆኜ የደብተር ቦርሳዬን የምሰቅልበት ቀንድ ትዝ አለኝ። ከገበያ የተገዛ ይመስለኝ ነበር።

«ስንት ገደሉ፣ ጋሼ?»

«አምስት። አመዳይ ባደረበት ቀን ሥራው ቀላል ነው። ፀሐይ ቀድማ የምትደርስበትን እነሱም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን።»

ብርዱን ተፈጥሮ አስተምራቸዋለች፤ ልማዳቸውን ያጠናባቸውን ሰው ግን በምን ያመልጡታል? ዛሬ የባሌ ተራሮች በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዓመታት አልፈዋል። ስንመለስ አጎቴ ቀንዱን ከግድግዳው አውርደው በጆንያ ጠቀለሉት። «ለፓርኩ ሰዎች አድርስልኝ፤ እኔ ፊታቸው መቆም አልችልም» አሉ።

ተሸክሜው ወጣሁ። ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ምን እንደምመልስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ሄድኩ። እውነቱን ተናገርኩ።