ቸርኬው አበራ፣ እጃችንስ?



በዚህ እትም የምናወራው ስለ መኪና ቸርኬ ነው። በጀመዓችን መኪና ያለው ተማሪ በጣት የሚቆጠር መሆኑን ስለምናውቅ ርዕሱ ፈገግ ሊያሰኛችሁ ይችላል። ነገር ግን የአባቱን ወይም የአጎቱን መኪና የሚያጥብ ብዙ ነው፤ እንደ እኛ ቅዳሜና እሁድ ላቫጆ ገብቶ የኪስ ገንዘቡን የሚሸፍንም አለ። እኛ ሦስታችን የምንሠራው ከገርጂ ወደ ጎሮ በሚወስደው መስመር ባለ አንድ ላቫጆ ነው። ሥራው ሐላል ነው፣ አልሐምዱሊላህ። የሚያከራክረን አንድ ቢጫ ጀሪካን ነው።

ጀሪካኑ ላይ ስምም ምልክትም የለም። ሁሉም «አሲዱ» ይለዋል። የአልሙኒየም ቸርኬ ያለው መኪና ሲገባ ይረጫል፣ አረፋ ይነሳል፣ ጥቁሩ የፍሬን አቧራ ሳይታሽ ይወርዳል። በአምስት ደቂቃ አራቱም ቸርኬዎች ነጭ ይሆናሉ። ባለመኪናው ይደሰታል፣ ቲፕም ይጨምራል። ያው መኪና ከወር በኋላ ሲመለስ ቸርኬው ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ሲነኩት ይሻክራል፣ አቧራውንም ከበፊቱ አጥብቆ ይይዛል። ያኔም የሚታዘዘው ያው ጀሪካን ነው።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን የገባን ክፍል ውስጥ ነው። አልሙኒየም ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ይዋሐዳል። ንጹሕ ገጹ አየር እንዳገኘው ወዲያው ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ እየተቀረፈ ውስጡን ያጋልጣል፤ የአልሙኒየም ሽፋን ግን ጥብቅ ብሎ ይቀመጥና የቀረውን ይጠብቃል። ይህ ሽፋን የሚጸናው ፒኤች ከ4 እስከ 9 ገደማ ባለው መካከል ነው። ከዚያ በታች ሲወርድ አሲድ፣ ከዚያ በላይ ሲወጣ አልካላይ ያሟሟዋል። ሽፋኑ ሲሄድ ደግሞ አልሙኒየሙ ራሱ ይበላል። ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ማጽጃ ሲፈስበት የሚነሳው አረፋ ቆሻሻው ሲለቅ የሚታይ ይመስላል፤ በእውነቱ አልሙኒየሙ ሲሟሟ የሚወጣ ሃይድሮጅን ጋዝ ነው። እናቶቻችን የአልሙኒየም ድስት ውስጥ በረኪና እንዳይቀመጥ የሚቆጡት ያለ ኬሚስትሪ ትምህርት ነው።

መድረሳ ሳለን ሰፊናን ስንቀራ ከውዱእ ሸርጦች አንዱ ውሃው ቆዳ ላይ እንዳይደርስ የሚከለክል ነገር አለመኖሩ እንደሆነ ተምረን ነበር። አልሙኒየም ግን ዕድሜው ያለው በዚያ በሚከለክለው ነገር ነው። ይህን ስንነግረው አንዱ ጓደኛችን «እንግዲያው ለቸርኬ ውዱእ የለውም በሉት» ብሎ አሳቀን።

መንገዳቸው ላይ በክረምት ጨው ከሚበተንባቸው የበረዶ አገሮች ጋር ሲነጻጸር ከተማችን ለቸርኬ ደግ ናት። የምሥራቁ አዲስ አበባ ችግር ሲሚንቶ ነው። ሰሚት፣ አያት፣ ጎሮ፣ ቦሌ አራብሳ፤ በየመንገዱ ዳር ኮንክሪት ይቦካል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ከቦሌ እስከ መገናኛ፣ ከመገናኛም እስከ ሲኤምሲ ሲቆፈር ደግሞ በዚያ ያለፈ መኪና ሁሉ ግራጫ ጭቃ ለብሶ ይመጣ ነበር። እርጥብ ሲሚንቶ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፤ ፖሊሽ የተደረገ አልሙኒየም ላይ ከደረቀ ጠባሳ ይተዋል። እንዲህ ያለ ጭቃ ሲረጭባችሁ ሳይደርቅ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። ከደረቀ በኋላ በቢላ መፋቅ ጉዳቱን እጥፍ ያደርገዋል።

የፍሬን አቧራው ሌላ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር ከሸራውና ከዲስኩ የሚፋቅ የብረት ብናኝ እየጋለ ቸርኬው ላይ ይተከላል፣ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል። ያ ቡናማ ነጠብጣብ የአልሙኒየሙ ሳይሆን የእንግዳው ብረት ዝገት ነው። በነገራችን ላይ ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ላቫጆው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። እነዚህ ፍጥነት ሲቀንሱ በአብዛኛው ሞተራቸው መልሶ ባትሪ እየሞላ ስለሚይዛቸው ሸራቸው ብዙ አይፋቅም። ቸርኬያቸው በቀላል ሳሙና ይጸዳል፤ አሲዱ ግን ለእነሱም ይረጫል!

አሁን ወደ አሠራሩ። መጀመሪያ የሚታጠበው ምን ዓይነት ቸርኬ እንደሆነ ይለያል። አንዳንዱ አልሙኒየም ገጹ ራቁቱን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ግልጽ ቀለም ተደርቦበታል። ለመለየት በማይታይ ጥግ ላይ ትንሽ የብረት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አሹበት። ጨርቁ ከጠቆረ ገጹ ራቁት ነው፣ ካልጠቆረ ክሊር አለው። ክሊር ያለው ፖሊሽ አያስፈልገውም፤ እንደ መኪናው ቦዲ ታይቶ በሳሙና ይታጠባል። ክሊሩ ከጠርዝ ድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ከተሰነጠቀ ግን እርጥበት ከሥሩ ይገባና እንደ ትል የሚሄድ ነጭ መስመር ያወጣል፤ ያንን ላቫጆ አያድነውም።

ቸርኬው ትኩስ ከሆነ ጠብቁት፤ በጋለ ገጽ ላይ ሳሙናም ሆነ ማንኛውም ማጽጃ ቶሎ ይደርቅና ምልክት ይተዋል። ከዚያ አሸዋውን በብዙ ውሃ አውርዱ። አሸዋው ሳይወርድ በስፖንጅ የሚያሽ ሰው ብርጭቆ ወረቀት ይዞ እንደሚፈገፍግ ነው። የቸርኬ ባልዲና ስፖንጅ ከቦዲው ይለያል፤ ቸርኬ ላይ የተሰበሰበው የብረት ብናኝ ቦዲውን ይቧጭራል። ለብ ባለ ውሃ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጡ። የዱቄት ሳሙና አልካላይ ስለሆነ ለራቁት አልሙኒየም አይመከርም። ለስላሳ ብሩሽ ያዙ፣ የቡሎኖቹን ቀዳዳ አትርሱ፣ አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው እለፉ። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አታስጠጉ፤ ይቧጭራል፣ የሚተወው ስብርባሪም ይዝጋል። ታጥቦ ሲያልቅ ፀሐይ ሳያደርቀው በጨርቅ ይደረቅ፤ ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ደግሞ ነጭ ነጠብጣቡ ለሳምንት ያናድዳል።

ፖሊሽ የሚደረገው ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም በየሳምንቱ አይደለም፣ ምክንያቱም በተደረገ ቁጥር ከአልሙኒየሙ ጥቂት ያነሳል። ጨርቁ እየጠቆረ የሚሄደው ለዚህ ነው። ሲያበራ ሰም ይቀባል። ከፍሬኑ የሚመጣው ሙቀት ሰሙን ቶሎ ስለሚያሳሳው ቦዲው ላይ የሚቆየውን ያህል ቸርኬ ላይ አይቆይም፤ ቶሎ ቶሎ መደገም አለበት። ውሃ ሲፈስበት እንክብል እየሠራ መንከባለሉን ካቆመ ሰሙ አልቋል። ሰም የተቀባ ቸርኬ በሚቀጥለው ጊዜ በውሃና በሳሙና ብቻ ይጸዳል፣ ጀሪካኑን የሚያስፈልገው ነገር አይኖርም።

ይህን ሁሉ ለላቫጆው ኃላፊ አስረድተናቸው ነበር። ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ዙህር ሲደርስ ፓምፑን አጥፍተው «ሂዱ ስገዱና ተመለሱ» የሚሉን እሳቸው ናቸው። ግን እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ደንበኛ የሚከፍለው ለሚያየው ነው።»

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ የእህል ክምር አይተው እጃቸውን ሲከቱበት ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ያገኙበትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ሻጩ ዝናብ እንደመታው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠየቁት። የእኛም ነገር ያው መሰለን። እናም ኃላፊውን «ጋሼ፣ ቢያንስ ለደንበኛው እንንገረው፣ ራሱ ይምረጥ» አልናቸው። ፈቀዱ። በአሲድ አምስት ደቂቃ፣ ግን ያደበዝዛል፤ በሳሙናና በሰም ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ግን ይቆያል እያልን እንናገራለን። ገሚሱ ወንበር ስቦ ሻይ ያዝዛል። ገሚሱ «ሠርግ አለብኝ፣ አሲዱን አድርጉበት» ይላል።

ክርክሩ እዚህ ጋ ለሁለት ከፈለን። አንዳችን «ከነገርነው በኋላ ማጭበርበር የለም፣ ንብረቱ የሱ ነው» አለ። ሌሎቻችን አልተዋጠልንም፣ ግን መልስም አልነበረንም። የጀመዓችንን ኡስታዝ ስንጠይቃቸው በጥያቄ መለሱልን፦ «የሚረጨውስ ማነው?»

የሚረጨው አብሮን የሚሠራ፣ ከገጠር ከመጣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው። ጓንት አያደርግም። ውዱእ ሲያደርግ ጣቶቹን ሲፈለፍል ፊቱን ያጨማድዳል፤ የተሰነጠቀው ቆዳው ውሃ ሲነካው ያቃጥለዋል። ለቸርኬ ከሚሸጡት ጠንካራ ማጽጃዎች አንዳንዶቹ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ወይም አሞኒየም ባይፍሎራይድ አላቸው። ይህ እንደ ባትሪ አሲድ ወዲያው ጮኾ አይነግርም። ሲቀጥን ለሰዓታት ሳያምም በቆዳ ያልፋል፣ ከሥር ካለው ካልሲየም ጋር ይያያዛል፣ ሕመሙ ሌሊት ይጀምራል። ብዙ ከሆነ የልብን ምት እስከ ማዛባት ይደርሳል። ደንበኛው ስለ ቸርኬው መፍቀድ ይችላል፤ በልጁ እጅ ላይ ግን ፈቃድ የለውም። ልጁም ቢሆን ሰውነቱ አማና ነው፤ ምን እንደሚረጭ ሳይነገረው «እሺ» ማለቱን እንደ ፈቃድ መቁጠር ይከብደናል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ክርናችን ድረስ የሚደርስ ወፍራም የጎማ ጓንትና መነጽር አዋጥተን ገዛን። ለልጁ ይህን ነገርነው፦ ከነካህ ወዲያው በሚፈስ ውሃ ለረጅም ጊዜ ታጠብ፣ ባያምህም ሆስፒታል ሂድ፣ የቸርኬ አሲድ እንደሆነና ፍሎራይድ ሊኖረው እንደሚችል ንገራቸው፤ ካልሲየም ያለበት መድኃኒት የሚሰጡህ ያንን ካወቁ ነው። ጀሪካኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «አሲድ፣ ያለ ጓንት አይነካም» ብለን ጻፍንበት። ኃላፊው አንብበው ዝም አሉ፣ አላጠፉትም። አሁን እኛ ባለንበት ቀን ጀሪካኑ እምብዛም አይነሳም፤ በሌለንበት ቀን ይነሳል፣ ጓንቱ ግን ይደረጋል። ዐስር ሲቃረብ ልጁ ጓንቱን ሳያወልቅ ከውጭ በሳሙና ያጥበዋል፣ ሽቦው ላይ ይሰቅለዋል፣ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ወደ ቧንቧው ይሄዳል።