ለእናቴ ያነበብኳቸው ፊልሞች

“ቨርቲጎ”ን አይቼ ስጨርስ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ “ገንዘቤን መልሱ” የሚል ነበር። ለነገሩ አንድ ሳንቲም አልከፈልኩበትም፤ ከሥራ ባልደረባዬ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው የገለበጥኩት። ከፍታ የሚያዞረው፣ ከፖሊስነት የለቀቀ አንድ ሰው የድሮ ጓደኛውን ሚስት እንዲከታተል ይለመናል፤ ይወዳታል፤ ትሞትበታለች። ከዚያ መንገድ ላይ ያገኛትን ሌላ ሴት ፀጉሯን አስቀልሞ፣ ልብሷን አስለውጦ “ካልመሰልሻት” ብሎ ይይዛታል። አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው ፊልም ነው። ሃያስያን በዝርዝራቸው የዓለም አንደኛ ያሉት ይህ ከሆነ፣ አልኩ ለራሴ፣ እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት ያየነው ምን ሊባል ነው?

እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት የሚባለው ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ ክፍል ነበር። አግዳሚ ላይ ተጣበን እንቀመጣለን። ጠዋት ካራቴ፣ ከሰዓት የህንድ ፊልም። ብሩስ ሊን፣ ጃኪ ቻንን፣ አሚታብ ባችቻንን ያወቅኩት እዚያ ነው። የማይሻር ሕግ ነበረን፤ አክተሩ አይሞትም። ሰብታይትል ቢኖርም የሚያነብ የለም። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ ፊት ለፊት ይቀመጥና “አሁን ወንድሙ መሆኑን ሊያውቅ ነው” እያለ ይተርክልናል። ዝም በል እንለዋለን፤ ዝም ሲል ደግሞ “እሺ ከዚያስ?” እንለዋለን።

ዝርዝሩን የያዝኩት በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ዝርዝሩ ራሱ ግን የፈረንጆቹ የ2012 ነበር። “ሳይት ኤንድ ሳውንድ” የሚባለው የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ ሃያስያንን እየጠየቀ ምርጦቹን በደረጃ ያወጣል። መጀመሪያ ያሸነፈው የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ “የብስክሌት ሌቦች” ነበር። ከዚያ የኦርሰን ዌልስ “ሲቲዝን ኬን” ከ1962 እስከ 2002 በወጡት ዝርዝሮች ሁሉ አንደኛነቱን አላስነካም፤ በ2012 “ቨርቲጎ” አወረደው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዝርዝር ካየሁ አጠገቡ የራይት ምልክት ማድረግ ያምረኛል። ኮሮና መጥቶ መሰብሰብ ተከልክሎ፣ ሥራም ግማሹ ከቤት ሆኖ ሳለ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ከዝርዝሩ አንድ ፊልም ለማየት ቆረጥኩ። ማሳለፍ የለም፤ ስልክ መነካካት የለም፤ የጀመሩትን ማቋረጥ የለም።

ያን ጊዜ የምኖረው ከእናቴና ከታናሽ እህቴ ጋር ነው። እህቴ ባለሙያ ናት፤ ደመወዟ ከእኔ ይበልጣል፤ አላገባችም። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ እሑድ እሑድ ቡና ላይ ይነሳል፣ ሳይዘጋም ለሚቀጥለው እሑድ ይተላለፋል።

የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ለብቻዬ ነው ያየኋቸው፤ ስለ ብዙዎቹም የምለው የለኝም። “ጦር መርከብ ፖተምኪን” አጭር ነው፤ እግዜር ይስጠው። የታርኮቭስኪ “ስቶከር” ግን ትዝ ይለኛል። ሦስት ሰዎች “ዞን” ወደሚባል የተከለከለ ሥፍራ በሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ጋሪ ይገባሉ። ካሜራው ማጅራታቸውንና የፊታቸውን ጎን ይዞ አይንቀሳቀስም፤ የሚሰማው የብረት ኳኳታ ብቻ ነው። እዚያው ሸለብ አደረገኝ። እስከዚያ ሥዕሉ በሙሉ ቡናማ ነበር፤ ስነቃ ሜዳው አረንጓዴ ሆኗል። ሌላ ፊልም የገባ መሰለኝ። በማግስቱ ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ያቺ ጋሪ ላይ ዓይኔን አፍጥጬ ጠበቅኩና ቀለሙ ድንገት ሲመጣ ሰውነቴን ነዘረኝ። ታርኮቭስኪ መጀመሪያ የቀረጸው ፊልም እጥበት ላይ ተበላሽቶበት እንደገና መቅረጽ ግድ እንደሆነበት ያነበብኩት በኋላ ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የጀመርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም ማለት ነው።

በዚያው ክረምት ኢንተርኔት ተዘጋ። እኔን ብዙም አልጎዳኝም፤ ፊልሞቹ ሃርድ ዲስክ ላይ አሉ። የተጎዳችው እናቴ ናት፤ እሷም በኢንተርኔቱ ሳይሆን በነፋሱ። ከባድ ዝናብ የጣለ ዕለት ዲሹን ነፋስ አዞረው፤ በአማርኛ የምትከታተለው የቱርክ ተከታታይ ፊልም መሐሉ ላይ ተቋረጠ። የሚያስተካክል ሰው እስኪገኝ ቤቱ ውስጥ ስትንጎራደድ ሰነበተች። ቅዳሜ ማታ ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር ሳገናኝ አየችኝ።

“ምንድን ነው? ቻይና ነው?”

“ጃፓን ነው።”

“ካራቴ ነው?”

“አይደለም። ሽማግሌና አሮጊት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ ነው።”

“እህ?” አለችና በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች።

የያሱጂሮ ኦዙ “የቶኪዮ ታሪክ” እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ ነው። ኦኖሚቺ ከምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ሁለት አዛውንት ቶኪዮ ወዳሉት ልጆቻቸው ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ ይዘዋል፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዷ ፀጉር ቤት ያላት። የምታስተናግዳቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት፣ ምራታቸው ናት። በቃ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ካሜራው ወለል ላይ በተቀመጠ ሰው ዓይን ልክ ዝቅ ብሎ ተተክሏል፤ ሰው ገባ ወጣ ብሎ አይከተልም። እናቴ በርጩማዋ ላይ ሆና ከሰዎቹ ጋር ፊት ለፊት ነበረች፤ ሶፋው ላይ ተንጋልዬ ወደ ታች የማያቸው እኔ ነኝ።

ሰብታይትሉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራት ጀመር። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ በኋላ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፤ ሽማግሌው ሲናገር እንደ ሽማግሌ፣ አሮጊቷ ስትናገር ለስለስ አድርጌ። ልጆቹ ገንዘብ አዋጥተው ወላጆቻቸውን አታሚ ወደሚባል የመዝናኛ ከተማ ሲልኳቸው እናቴ ጣልቃ ገባች፤

“ከፍለው ከቤት አባረሯቸው በለኛ!”

አሮጊቷ ታማ ቴሌግራም ሲመጣ ፀጉር ቤት ያላት ልጅ ለጉዞው የሐዘን ልብስ ትይዛለች። “ጥቁር ይዛ? እናቷ ሳትሞት?” እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከቀብር ሲመለሱ ደግሞ ያችው ልጅ ምግብ ላይ ተቀምጣ “የእናቴን ቀሚስና መቀነት ለማስታወሻ ስጡኝ” ትላለች። “ገና ሰልስቱ ሳይወጣ!” ብላ እናቴ ብድግ አለች። ቅር ብሏት የምትሄድ መስሎኝ ነበር፤ ውሃ ጠጥታ ተመለሰች። ሽማግሌው ለብቻው ቀርቶ ፊልሙ ሲያልቅም አላለቀሰችም። “ሰውዬው አሁን ማን አለው?” ብቻ አለች።

ቡና ላይ በማግስቱ ያችን ክፉ ልጅ አንስቼ ስረግም ያልጠበቅኩት መልስ መጣ። “እሷንስ ተዋት፤ ሱቋን ማን ይከፍትላታል? ደህና ደህናውን የምትናገረው ምራትየው ናት እንጂ ሥራ የሚሠሩትስ እነዚያ ናቸው” አለችኝ። ይህን ፊልም በተመለከተ ያነበብኩት ጽሑፍ ሁሉ ለምራቲቱ ይቆማል። ለፀጉር ሠሪዋ ጥብቅና የቆመ ሰው ያየሁት እናቴን ብቻ ነው። እሷም በወጣትነቷ ጉሊት ላይ ቁጭ ብላ የእናቷን መርዶ ሰምታ፣ ዕቃዋን ለጎረቤት አደራ ሳትሰጥ መነሳት ያልቻለች ሴት ናት።

ዲሹ ተሠራ፤ እሷ ግን ቅዳሜን አልለቀቀችም። “ሲቲዝን ኬን”ን አይታ “ሀብታም ነበር፣ ሲሞት ሰው አልነበረውም። ይህን ለመናገር ሁለት ሰዓት?” አለች። በፌሊኒ “ስምንት ተኩል” ውስጥ ፊልም መጀመር ያቃተው ዳይሬክተር ከአንዱ ሴት ወደ ሌላዋ በሐሳብ ሲዋልል “ይሄ ሰውዬ ሥራ የለውም?” ብላ ተኛች። ለፌሊኒ ልከራከርለት ፈልጌ ነበር፤ ግን እኔም እንቅልፌ መጥቶ ነበር። በሳትያጂት ሬይ “ፓተር ፓንቻሊ” ላይ ልጅቷ ዱርጋ ዝናብ መትቷት በትኩሳት ተኝታ፣ ነፋሱ በሩን ሲነቀንቅ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ የሞተ ስለነበር ሁለታችንም በጨለማ ቀረን። “ትሞታለች አይደል?” አለች። እንደ ድሮው የቪዲዮ ቤት ልጅ መጨረሻውን አንብቤ አውቄዋለሁ፤ አልነገርኳትም። “አዎ” ማለት አልቻልኩም።

የሮቤር ብሬሶን “ባልታዛር” ግን አሸነፋት። ከጌታ ወደ ጌታ የሚተላለፍ አህያ ታሪክ ነው፤ ጭነት፣ ዱላ፣ ሰርከስ፣ ወፍጮ። ብሬሶን የሚመርጠው ተዋናይ ያልሆኑ ሰዎችን ነው፤ ፊታቸው ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ ሐዘኑ ሁሉ አህያው ዓይን ላይ ይወድቃል። ኮንትሮባንድ ሊያስጭኑት ሲወስዱት “ይህን አላይም” ብላ ገባች። እኔ እስከ መጨረሻው አየሁት። ሰኞ ጠዋት ታክሲያችን በእህል በረንዳ በኩል ሲያልፍ፣ ኩንታል የተጫኑ አህዮች መንገድ ዘግተው ሾፌሩ ክላክስ ሲነፋባቸው፣ ሰውየው ቢጠብቅ ምናለ ብዬ በሆዴ ተቆጣሁ። ቀድሞ ቢሆን የምቆጣው በአህዮቹ ነበር።

እኔ በዚህ ዓይነት እየተንፏቀቅኩ እያለሁ ዝርዝሩ ራሱ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አዲሱ ሲወጣ አንደኛ የሆነው የቤልጂየማዊቷ ሻንታል አከርማን “ዣን ዲልማን” ነበር፤ በሴት የተሠራ ፊልም አንደኛ ሲሆን የመጀመሪያው። ርዝመቱ 201 ደቂቃ። ብራሰልስ ውስጥ ከልጇ ጋር የምትኖር የአንዲት መበለት ሦስት ቀን ነው፤ ድንች ትልጣለች፣ ሥጋ ትለውሳለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ድንቹ እሳት ላይ እያለ ለገንዘብ ወንድ ታስተናግዳለች። አከርማን ይህን ስትሠራ ገና በሃያዎቹ አጋማሽ ነበረች።

ያየሁት የገና ዋዜማ ነው። እህቴ ለዶሮ ወጡ ሽንኩርት ልትከትፍ ሳሎን ተቀምጣለች፤ ዓይኗ እያነባ አልፎ አልፎ ቀና ትላለች። እኔ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ምንም ነገር አይታየኝም። ሁለተኛው ቀን ላይ እህቴ ቢላዋን አቆመች።

“አንድ ነገር ሆናለች።”

“ምን ሆነች? ያንኑ ነው የምትሠራው።”

“ድንቹ እሳት በዛበት፣ አለልክ በሰለባት። ይኸው ድስቱን ይዛ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ከዚህ ክፍል ወደዚያ ክፍል ስታዞረው አታይም? ደህና አይደለችም።”

ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። እውነቷን ነው። ካሜራው አልጠጋም፣ ሙዚቃ አልገባም፣ ማንም አልጮኸም፤ ሴትየዋ ግን እየፈረሰች ነበር። ሽንኩርቱ ሳያልቅ ቡናው አልጣፍጥ ብሏት ደፍታ እንደገና ስታፈላ እህቴ “አሁን ሰው ትገድላለች” አለች። ስቄ ነበር። መቀሱ ሲነሳ አንዳችንም አልሳቅንም።

በአዲሱ ዝርዝር መቶዎቹ ውስጥ የሴኔጋሎቹ የሴምቤን “ጥቁሯ ልጅ” እና የማምቤቲ “ቱኪ ቡኪ” አሉ። የእኛ አንድም የለም። ኃይሌ ገሪማ በ“ጤዛ” እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት መውሰዱን አውቃለሁ፤ “ጤዛ”ንም አይቻለሁ። እኔ የፈለግኩት የቀድሞውን፣ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን ነው። ፊልም የምናስጭንበት ሱቅ ያለው ልጅ ኮሪያ በለው፣ ናይጄሪያ በለው ሁሉ አለው፤ ይህንን ሰምቶት አያውቅም። አገሬ ላይ፣ በቋንቋዬ የተቀረጸውን ፊልም ያመጣልኝ ዋሽንግተን የሚኖር የአጎቴ ልጅ ነው፤ ኃይሌ ገሪማ በጆርጂያ ጎዳና፣ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ካለው ሳንኮፋ መጻሕፍት ቤቱ ገዝቶ፣ ከቫይታሚንና ከጫማ ጋር ሻንጣ ውስጥ። ከዚያ ደግሞ ዲቪዲ የሚያነብ ኮምፒውተር ፍለጋ ሌላ ሳምንት ሄደ።

ፊልሙ የተቀረጸው ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ በፈረንጆች 1974 ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም። አንድ የጭሰኛ ቤተሰብ ከንጋት ጀምሮ ሲለፋ፣ ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጮህባቸው እናያለን። መሬቱን የተነጠቀው “እብድ” ደግሞ እየተንከራተተ እውነቱን ይናገራል። ከዝርዝሩ ፊልሞች ከብዙዎቹ አያንስም፤ ከአንዳንዶቹ በግልጽ ይበልጣል። ማረሻው አፈሩን ሲሰነጥቅ ካሜራው የማይቸኩለው ለጌጥ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ያን ያህል ስለሚረዝም ነው።

ከልማድ የተነሳ ሰብታይትሉን ማንበብ ጀመርኩ። እናቴ ዞራ አየችኝ፤ “ይህንንም አንተ ልትነግረኝ ነው?”

ዝም አልኩ። እሷ የተወለደችው አርሲ ነው፤ አባቷ ጭሰኛ ነበር። እያየች ትናገር ጀመር፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። እህሉ አውድማ ላይ ሲከፈል የባለርስቱ ሰው ቀድሞ እንደሚሰፍር፣ አያቴ በበዓል መተያያ ይዞ ሲሄድ ከደጅ እንደሚያስቆሙት፣ አንድ ጊዜ በጉ ከሳ ተብሎ እንደተመለሰ። ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ልጅቷ በጎርፍ የተወሰደችውን ላም ልታድን ወንዝ ገብታ ስትቀር ግን ቃል አልወጣትም። “እብዱ” ባለርስቱን በዱላ ሲጥለው “አይበቃውም” አለች፤ ወዲያው አማተበች።

ዝርዝሩን አልጨረስኩም። የቤላ ታር “ሳታንታንጎ” ከሰባት ሰዓት በላይ ነው፤ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቦታ ይዞ ተቀምጧል፤ ይቀመጥ። ራይት ማድረጉንም ከተውኩት ቆየሁ። አሁን ቅዳሜ የሚመረጠው በእናቴ ትእዛዝ ነው። ባለፈው “የዚያ የጃፓኑ ሽማግሌ ሌላ የለውም?” አለችኝ። ቺሹ ርዩ ያንን አዛውንት ሲጫወት ገና ሃምሳ ዓመት እንዳልሞላው ብነግራት አላመነችኝም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1949 ኦዙ የሠራውን “የጸደይ መገባደጃ”ን አመጣሁላት። ሚስቱ የሞተችበት አባት ነው፤ ሴት ልጁ “አንተን ትቼ አላገባም” ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ እንድታገባ ብሎ “እኔም ላገባ ነው” ሲል ይዋሻታል። እያነበብኩ ነበር። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ እንባዋን ስትታገል እናቴ ሽማግሌውን ተቆጣችው፤

“ምን አስጨነቀው? ልጅቷ እንዲህ ደስ ይለኛል ካለች ምን አስጨነቀው? ይተዋታ!”

እህቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። “ወንድሜ፣ በናትህ ስልክህን አውጣና ይህን ቅዳልኝ” አለችኝ፤ “እማዬ፣ እስኪ ድገሚው።”